አስፋልት ጠባቂው ቀፎ

የሰው ልጅ አጥብቆ የሚፈራው የሚያየውን ነገር ሳይሆን፣ ያየኝ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥረውን ነው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ መጽሐፍ ላይ አትፈልጉት። ፊደል እኔን ሳይነካኝ ስላለፈ እኔም በመጽሐፍ ጉዳይ ገብቼ አላውቅም። መሪጌታችን ሰምተውኝ፣ ነገሩ ከደህና ሰው አፍ ቢወጣ ጥሩ ነበር ብለዋል።

ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲሄዱ አስፋልቱ መንደራችንን ለሁለት ይከፍላታል። ቤታችን ከወዲህ ነው፤ የውሃ ቦኖውና የከብቱ ግጦሽ ከወዲያ። በቀን ስንቴ እንደምንሻገር እግዜርና እግራችን ያውቃሉ። መኪናውስ? አንዳንዱ ሚኒባስ ከፍጥነቱ የተነሳ ጥላው ኋላ ይቀርና ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ገብቶ ሲቆም ነው የሚደርስበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በኛ አስፋልት ግን እንቁላሉ እግር ሳያወጣ ጎማ ይቀድመዋል። አምና የጎረቤቴን ጊደር ገጩ። እማሆይ ብርቄን ደግሞ ለጥቂት ስተው ከነጀሪካናቸው ቦይ ውስጥ ጨመሯቸው፤ እስከ ዛሬ ያነክሳሉ። ሽማግሌዎቻችን መንገድ ዳር ወጥተው ቀስ በሉ ብለው እጃቸውን ቢያወዛውዙ፣ ሹፌሩ ሰላምታ ይመስለውና በክላክስ አጸፋውን መልሶ ይበራል።

ጥቅምት ላይ ኑጉ ሲያብብ ንብ ላጠምድ አሰብኩ። እንደ አባቶቼ ከቀርቀሃ ረዥም ቀፎ ሠራሁ፤ በእበትና በአመድ መረግሁት፤ ፊቱ ላይ ንብ የምትገባበት ክብ ቀዳዳ ተውኩለት። ከአስፋልቱ ዳር የባሕር ዛፍ ግንድ ተክዬ ጫፉ ላይ ሰቀልኩት፤ ንፋስ እንዳይጥለውም በጥቁር ሽቦ ወጠርኩት። ንቡ ከገባ በኋላ ወደ ጓሮዬ ላዞረው ነው። ሌላ ተንኮል አልነበረኝም። ቢኖረኝ እነግራችሁ ነበር፤ ተንኮሌን መደበቅ አልወድም።

በሦስተኛው ቀን ከቡሬ የመጣ ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ እዚያው ቆመ። ረዳቱ፣ ጉንጩ በጫት የተወጠረ ጎረምሳ፣ ወደ ላይ አንጋጦ ቀፎውን ካየ በኋላ ተጠጋኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይኸ ካሜራ መቼ ተተከለ አለኝ። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ተሰቅሎ፣ የሚፈጥነውን መኪና ታርጋ ፎቶ እያነሳ ቅጣት እንደሚያስከትል ያን ቀን ከሱ ሰማሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? ውሸት በእግሯ ደጄ ድረስ ስትመጣ መመለስ አልችልበትም። መሐንዲሶች ባለፈው ሳምንት ተክለውት ሄዱ፣ ታርጋውን ተወውና ጉንጭህ ውስጥ ያለውን ቅጠል አንድ በአንድ ይቆጥራል አልኩት። ረዳቱ ጉንጩን በእጁ ሸፈነ።

ወሬው በሳምንቱ ከደምበጫ እስከ መራዊ ተዳረሰ። አይሱዙው ሳይቀር ቀፎው ስር ሲደርስ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ጀመር። እማሆይ ብርቄ እንኳ መሐል አስፋልት ላይ ቆም ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ካሜራ የሚባለውን የወደድኩት ያኔ ነው፤ ዘመድ የለው፣ ምሳ አይጋበዝ፣ የእገሌ ልጅ ነኝ ቢሉት አይሰማ። መሪጌታ ብቻ ቅር አላቸው። ሰማይ ላይ ያለው ዓይን ሁሉን ያያል ብዬ አርባ ዓመት ሳስተምር ያልቀነሰ ሹፌር፣ ለእበት ቀነሰ አሉ። ንቡም ገባ። ቀፎዬን ላወርድ ስል ግን መንደሩ በአንድ አፍ ከለከለኝ።

ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ፍኖተ ሰላም ተዳረች። ሚስቴ አንጓች ጥጃዋ ታሞባት ቀረች፤ እኔ ስጦታ ልገዛ ቡሬ ሄጄ እዚያው ጨዋታ ያዘኝ። ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች፤ ጠጁ ያለ እኔ ሊያልቅ ነው። መንደሬ ስንቃረብ ሹፌሩ መቀነስ ጀመረ። ረዳቱን ሳየው ያው ባለ ጉንጩ ነው። በሕይወቴ አንዴ እውነት ለመናገር ተነሳሁ።

«ግዴለህም፣ ንዳው። ካሜራ አይደለም፤ የገዛ ቀፎዬ ነው። ውስጡ ንብ እንጂ ሌላ የለም።»

«አባባ፣ ያን ቀን ጉንጬን ያስጨበጡኝ እርስዎ አይደሉም?» አለ ረዳቱ።

መኪናው በሙሉ ሳቀብኝ። ማልኩ፤ ስምል ይባስ ተጠራጠሩ። መስኮቱን ክፈቱና የንቡን ድምፅ ስሙ ብላቸው፣ ሰምተው፣ የካሜራው ሞተር እየሠራ ነው አሉ። ሹፌሩ ጭራሽ እንደ ኤሊ መዳህ ጀመረ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ንዳው እያልኩ ስጨቃጨቅ፣ ከቆመ የፈረስ ጋሪ ጀርባ አንዲት ሴት ጥጃ እየጎተተች ብቅ አለች። ጥጃው መሐል አስፋልት ላይ ሲደርስ ተኛ። መኪናው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

አንጓች ናት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔዋ እውነት እዚያው በዚያው ጠርታ ቢሆን፣ ሹፌሩ አንዴ አምኖኝ ቢሆን፣ ዛሬ ይህን የማወራችሁ ፂሜን ሳልላጭ ነበር።

አንጓች ጥጃዋን አስነስታ ወደ መስኮቱ መጣች። ድምፄን ከሩቅ ሰምታው ኖሯል፤ ሹፌሩን ምን እያልከው ነበር የምትጮኸው አለችኝ። ረዳቱ አፉን ከመክፈቱ በፊት ቀደምኩት።

«ቀስ በል እያልኩት ነበር።»

እሷም ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ዕድሜህን ያርዝመው አለችኝ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን አንጓች ሳትጠራጠር ያመነችኝ ያን ቀን ብቻ ነው።