የቀበሮዋ ሁለተኛ ዓይን

እስቲ ልጠይቅህ፣ ቀይ ቀበሮን እንዴት ነው የምታያት? ከጎን አይደል? ስትሮጥ! ሁላችንም እንደዚያው ነን። እኔን ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው።

መካነ ሰላም ነው። ድርቁ ገና መውጣቱ፣ አብዮቱ ገና መግባቱ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የጠጅ ቤት ማስታወቂያ እሥል ነበር። ኋላ ጠጁም ጠጪውም ሲጠፋ መፈክር መጻፍ ያዝኩ። በዚያ ሁሉ እጦት መሀል ያልጠፋ ነገር ቢኖር ቀይ ቀለም ነው።

ታዲያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ይመር፣ ማክሰኞ ሁሉም ዱላውን ይዞ ቀይ ቀበሮ እንዲፈጅ አዘዙ። አልፈርድባቸውም። ከድርቅ የተረፈችህ አንዲት በግ የወለደችው ግልገል ሲበላብህ ዝም ትላለህ? ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ ሁለት ጠፍቶባቸዋል።

እኔ ግን ከቀበሮዎቹ አንዷን አውቃታለሁ። ማገዶ ልለቅም ደጋው ሜዳ ላይ ስወጣ፣ ጆሮዋን ቀስራ፣ ድምፅ አጥፍታ፣ ዘላ አይጥ ስትይዝ ስንቴ አይቻታለሁ! አራት ቡችሎች አሏት። ገብሱን የሚጨርሰው አይጡና ፍልፈሉ ነው፤ እሷማ ትለቅምልናለች። ግን ይህን ብናገር ማን ሊሰማኝ? እንግዲያው እሥለዋለሁ አልኩ።

ዓርብ ዕለት፣ “መፈክር ነው” ብዬ አስፈቅጄ፣ ገበያው ፊት ለፊት ባለው የማኅበሩ መጋዘን ግድግዳ ላይ ሣልኳት። የገብስ ዛላ የነከሰ አይጥ ስታባርር። ምን ልበልህ፣ ልትዘል ነው የምትመስለው።

ቅዳሜ ገበያው ሞላ። እትዬ ዘውዴ ቀድመው መጡ። አዩ፣ አማተቡ፣ እንትፍ አሉ።

“እጅህ ይባረክ የኔ ልጅ! እርኩስነቷን ቁልጭ አድርገህ አወጣኸው!”

“ምኑን ነው ያወጣሁት?”

“በአንድ ዓይን ሣልካታ!”

ለካ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የማየው ቆነጃጅቱን እንጂ ግድግዳውን መቼ ሆነና! ያየ ሁሉ ድንጋይ ወረወረባት። አያ ይመር ደግሞ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው፣ “ወላሂ፣ ቅስቀሳ እንዲህ ነው!” አሉኝ። ክርስቲያን ናቸው፤ ወሎ ውስጥ ወላሂ የጋራ ነው።

ላድናት ብዬ አስፈረድኩባት። እልህ ያዘኝ። ሰኞ በኖራ አጠፋኋትና እንደገና ጀመርኩ። ገላዋ እየሮጠ፣ ፊቷ ወደ ሰው። ሁለት ትልልቅ ዓይን። አይጡን በአንድ ዓይን አስቀረሁት።

ማክሰኞ ዱላ የያዘው ሁሉ ግድግዳው ሥር ተሰበሰበ።

“ምነው፣ ተለወጠችሳ?” አሉ አያ ይመር።

“ቅዳሜ ተሳስቼ ነው። ክፉው አይጡ ነው፤ ማሳችሁን ሄዳችሁ እዩ።”

እትዬ ዘውዴ ቀረብ ብለው፣ “የኔን ግልገሎችስ ማን በላቸው?” አሉ።

“አንዱን ወስዳ ይሆናል፣ አልዋሽዎትም። እሷ ከሌለች ግን የምንበላው ገብስም አይኖርም።”

አያ ይመር አሰብ አደረጉና፣ “በሉ፣ ሄደን በዓይናችን እንይ” አሉ። ዱላውን ግን ማንም አላስቀመጠም።

ደጋው ላይ እንደወጣን ከቁጥቋጦ ሥር ተፈትልካ ወጣች። ከጎን!

“ያቻት! ይኸው አንድ ዓይን!” አለ አንዱ። ዱላው ተነሣ። እኔ ባለኝ አቅም “ቆዩ!” ብዬ ጮኽኩ።

ሰው መቼ ይሰማል! የቆመችው እሷ ናት። ዞር ብላ አየችን። ሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይን። አፏ ላይ ፍልፈል ተንጠልጥሏል።

ዱላው አንድ በአንድ ወረደ። እትዬ ዘውዴ አማተቡ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አልተፉም። አያ ይመር ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ መረመሯትና፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ “ወላሂ፣ በደንብ መስላለች” አሉ።

ሥዕሌን ያሉ እንዳይመስልህ። ቀበሮዋን ነው።