የመዳብ ሽምግልና

መዳብ በጥፍራችሁ ጭራችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አይገባም። እኔ ግን ገብቻለሁ፤ ያውም በነጻ።

ኢንተርኔት ላይ ማንም እየገባ የሚጽፈውና የሚያርመው መዝገበ ዕውቀት አለ አይደል? በአማርኛው በኩል ስለ ማዕድናት የተጻፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሆሳዕና ኬሚስትሪ አስተምራለሁና፣ ይሄ ሥራ የኔ ነው ብዬ ጀመርኩ። ወርቅ፣ ብር፣ በተፈጥሮው ንጹሕ ሆኖ ከመሬት የሚወጣ መዳብ። ባለቤቴ ይከፍሉሃል ወይ አለችኝ። አይከፍሉኝም። ስምህስ ይወጣል? አይወጣም። ግንባሬን ዳሰስ አደረገችኝ።

ብቻዬን ማበድ ስለከበደኝ ሳቢርን ጎተትኩት። ሳቢር አብሮ አደጌ ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው። የትም ብንውል፣ አመሻሽ ላይ ሱቁ ደጃፍ ሻይ ሳንጠጣ አንለያይም። ወጋችንን በሀዲይኛ እንጀምርና ክርክሩ ሲከር አማርኛ ውስጥ እንገባለን።

መዳብ ላይ ስንደርስ ተጣላን። አንድ ማዕድን ምን ያህል ለመጫር እንደሚያስቸግር የሚነገርበት ከአንድ እስከ አሥር የሆነ ደረጃ አለ። አልማዝ አሥር ነው። እኔ ለመዳብ ሦስት ብዬ ጻፍኩ፤ የድሮ የማስተማሪያ መጽሐፌ የሚለው እንደዚያ ነው። በማግስቱ ሳየው ሁለት ተኩል ሆኗል። ማን ነካው? ሳቢር። ስልኩ ላይ አንብቦ ነው። መለስኩት። አጠፋው። ደግሜ መለስኩት። መዳብ ስሸጥ የኖርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ አለኝ፣ ሰው ፊት። እኔስ አርፌያለሁ? ሽቦ መሸጥ ሌላ፣ ማዕድን ማወቅ ሌላ አልኩት። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም፤ ሰላምታችን ተቋረጠ።

ለግማሽ ነጥብ ነው እንግዲህ። ሳቁ፣ መብታችሁ ነው። እኔ ግን በሳቢር ሱቅ በኩል ሳልፍ እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ሳይ መንገዴን ቀየርኩ። እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይመጣል?

በእኛ አገር ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ዝም ብሎ አያይም። ድንበርም ይሁን፣ ከብትም ይሁን፣ መዳብም ይሁን። የሰፈራችን አስታራቂ ጋሽ ኤርሳዶ ሁለታችንንም አስጠሩን፤ ሁለት አዛውንት ከጎናቸው አስቀምጠዋል። ተራ በተራ ተናገርን። መዳቡ የማን ነው አሉ ጋሽ ኤርሳዶ። የማንም አይደለም አልናቸው። ታዲያ የት ነው ያለው? ኢንተርኔት ላይ።  ሦስቱም ሳቢር ያመጣውን የመዳብ ሽቦ ተቀባብለው በጥፍራቸው ይጭሩት ጀመር። አንደኛው አዛውንት ተጫረ አሉ፣ ሌላኛው የለም አልተጫረም አሉ። እኛን ወጣ በሉ አሉን።

ስንመለስ ፍርዱ አልቋል።

"ሁለታችሁም የሰው ልጆች ናችሁ፤ ተሸንፎ የሚሄድ የለም" አሉ ጋሽ ኤርሳዶ። "ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ተብሎ ይጻፍ። ይህን ያጠፋ በግ ያቀርባል።"

ዕውቀት እንደ እርሻ መሬት ለሁለት አይከፈልም ልል አፌን ስከፍት፣ ሳቢር ቀድሞ ተነስቶ አቀፈኝ። ምን ልበል? ይቅር ለፈጣሪ ተባባልን። ለካ ናፍቆኝ ኖሯል።

ጽሑፉን እንደተፈረደው አረምኩ። አሁን ሌላ ጭንቅ መጣ። መዝገቡ ለጻፍከው ሁሉ ምንጭ ጥቀስ ይላል፤ ምንጭ ከሌለው ሌላ ሰው መጥቶ ይሰርዘዋል። ምን ብዬ ልጥቀስ? ጋሽ ኤርሳዶ ብዬ? ከተሰረዘ ደግሞ እኔና ሳቢር እንደገና ልንጀምር ነው። ዱራሜ ከተማ የሚኖር አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ወፍራም የማዕድናት መጽሐፍ እንዳለው ትዝ አለኝና ሄድኩ። እያፈርኩ መዳብ የሚለውን ገለጥኩ።

"ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት" ይላል።

መጽሐፉን የጻፉት ትልልቅ ሊቃውንት ናቸው። ከፊት እስከ ኋላ አገላበጥኩት፤ እነሱን ማን እንዳስታረቃቸው ግን አልተጻፈም።