የልብስ ሰፊው መኪና አትንቀጠቀጥም

ሰሞኑን በካፌያችን አንድ ወሬ እየዞረ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ክቡር ልብስ ሰፊያችን ጋራዥ ሄደው፣ ባለጋራዧ ፊት ቆመው፣ «ተሳስቻለሁ፤ መኪናዬን ወደነበረችበት መልሺልኝ» አሉ ይባላል። አንዳንዱ እንባቸውም መጣ ብሎ ይጨምርበታል። ወሬ ሳትቀባባ ማሳለፍ የማትወደው አስተናጋጃችን ደግሞ ተንበርክከዋል ትላለች።

እኔ አላመንኩም። መንበርከኩስ ይሁን፤ ሰውየው ሱሪ ሲለኩ ተንበርክከው ነው የሚውሉት። እንባውም ይሁን፤ የጋራዥ ጭስ ማንን አያስለቅስም? «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል ከእሳቸው አፍ መጠበቅ ግን ከበሬ ወተት መጠበቅ ነው።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። የገዛ እጁ ሥራ ሲበላሽበት ጥፋቱን የሚያሸክመው ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ካጣ ዕቃ፣ ዕቃም ካጣ የአየር ጠባይ። ራሱ የመታው ጣሪያ ሲያፈስ ዝናቡ ነው ጠማማ። ራሱ የሠራው በር አልዘጋ ሲል ቤቱ ነው ያበጠ። የእኛው ግን ከሁሉም ይበልጣሉ፤ የእኛው መኪና አላቸው።

መኪናዋ ዕድሜዋ ቢገፋም ደህና መኪና ነበረች። አንድ ቀን ክቡርነታቸው ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ቀይ መኪና ስታልፍ አዩ። አንገታቸው እስኪጣመም ሸኟት።

«አየህ፣ ልኳን ያገኘች መኪና ይህች ናት» አሉኝ። «የኔዋ እኮ ሱሪው ያጠረባት ነው የምትመስለው። ቁርጭምጭሚቷ ይታያል።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ሱሪው ካልረዘመ እግሩን ማሳጠር ነዋ!»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መኪናዋን የተሸከሙትን ሞላዎች አስወልቀው፣ በልብስ መቁረጫ ጠመኔ ምልክት አድርገው፣ ብየዳ ቤት ወሰዷቸው። «ከዚህ ቁረጥ» አሉ፣ የተማሪ ሱሪ እንደሚያሳጥር ሰው። ተረቱ አስር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ ይላል። መለካቱንስ ለክተዋል፤ የለኩት ግን ዓይናቸውን ደስ ያሰኘውን ብቻ ነበር።

መኪናዋ ወረደች። ማማሯን አልክድም፤ ለሠርግ የተዘጋጀች ጫማ መሰለች። ሰፈር ውስጥ ስትንከላወስም ጨዋ ነበረች። ዋናው መንገድ ላይ ወጥታ ነዳጅ ሲረገጥላት ነው ጉዱ። ከወለሉ ሥር አንድ ጉርምርምታ ይነሳና ከወንበር ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ መንጋጋ ይወጣል። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ሆኖ ይጨፍራል። እሳቸው መሪውን ጨብጠው ጉንጫቸው እየተርገበገበ «መ-መኪናዋ አትን-ቀጠቀጥም» ይላሉ።

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

«ጎማው ነው!»

ጎሚስታው ጎማዎቹን አንድ በአንድ ፈትሾ ሚዛናቸውን አስተካክሎ ንጹሕ ናቸው አለ። ነዳጁ ተከሰሰ። ነዳጁ ተቀየረ፤ መንቀጥቀጡ አልተቀየረም። ንፋሱ ተከሰሰ። በመጨረሻ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«አንተ ነህ እንጂ! በቀኝ በኩል ትከብዳታለህ። እስቲ ወደ ግራ ተሻገር።»

የኋላ ወንበር ላይ እንደ ጎረምሳ ዘልዬ ወደ ግራ ተሻገርኩ። መኪናዋ እንደ ቅድሙ ተንቀጠቀጠች።

«አየህ?» አሉ በድል አድራጊነት። «ተከትሎህ መጣ!»

ከዚህ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ደግሞ የሚያናድደው፣ ሱቃቸው ገብተው ሲቀመጡ እጃቸው እንደ ድንጋይ የጸና ነው። ክሩን ሳያዩ፣ እያወሩ፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ይሰዱታል።

ባለጋራዧ አንድ ጊዜ ልታስረዳቸው ሞክራ ነበር። የሥራ ቱታዋን ልታስጠብብ መጥታ፣ ከደጅ የቆመችውን መኪና አየችና ጎንበስ ብላ ሥሯን ቃኘች።

«ጋሼ፣ እዚህ ሥር ካምቢዮውን ከኋላ እግር ጋር የሚያገናኝ ረጅም ዘንግ አለ» አለቻቸው። «ጫፍና ጫፉ ላይ መታጠፊያ አለው። እርስዎ ላይኛውን ሲያወርዱት የዘንጉ ዘንበልታ ተበላሸ። ፈጥኖ ሲሽከረከር የሚያንቀጠቅጣት እሱ ነው። ሞላውን ቆርጠው ሌላውን እንዳለ ትተውት!»

«ጎማው ነው።»

«እሺ በኮት እንነጋገር። ትከሻውን አጥብበው እጅጌውን እንዳለ ቢሰፉት፣ ኮት ይሆናል?»

ክቡርነታቸው አሰቡ።

«ኮቱማ ይሆናል» አሉ። «ለባሹ ነው እጁን አጉል የሚያወራጨው።»

«ቱታዬን ይመልሱልኝ ጋሼ» አለች ባለጋራዧ፣ «ለሌላ ሰው ልስጠው።»

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ከዚያ የእናታቸው ዓይን መጣ።

እማማ አንደኛው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው ደግሞ መደብዘዝ ጀመረና ለቀዶ ሕክምና ሌላ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ተወሰዱ። ሐኪሙ ዓይናቸውን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ልጆቻቸውን ጠራ። «የሰፋነው ስስ ነው» አላቸው። «ወደ ቤት ስትወስዷቸው ጭንቅላታቸው እንዳይናወጥ። ስፌቱ ከተላቀቀ ሁለተኛ አንሰፋውም።»

የክቡርነታቸው ታናሽ እህት ባለቤቷ መኪና ስላለው ነገሩን የጨረሰች መስሏት ነበር። እማማ ግን ዓይናቸው ታሽጎ ከተኙበት፣ «ልጄ መኪና እያለው በሰው መኪና? ምን ጎድሎበት ነው ይበሉ?» አሉ። ቢለመኑ፣ ቢመከሩ፣ ወይ ፍንክች! ልጃቸው ግትርነትን ከማን እንደወረሱ ይህን ስሰማ ገባኝ።

እህትየው በንዴት ካፌ ድረስ መጣች።

«ስማ! የእማዬ ዓይን ነው! በዚያ ወንፊት ጭነህ ልታበጥራት ነው?»

«መኪናዋ አትንቀጠቀጥም አልኩሽ እኮ!»

«እሺ፣ ማልልኝ። በእማዬ ዓይን ማልልኝ።»

ክቡርነታቸው ሳይምሉ፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነስተው ወደ ሱቃቸው ተሻገሩ። እኔ በመስኮቱ አያቸዋለሁ፤ ክሩን አነሱ፣ ወደ መርፌው ሰደዱት፣ ሳተ። ምራቅ አስነክተው እንደገና ሰደዱት። ሳተ። መርፌውን አስቀምጠው ጣታቸውን ያዩት ጀመር፤ የሐኪሙ «ስፌት» የሚለው ቃል ሌላውን ሰው ሲያልፈው እሳቸውን የት እንደወጋቸው እንግዲህ ገምቱ።

በማግስቱ ሱቁ ዝግ ዋለ። «አሟቸዋል» ተባለ። መኪናዋም አብራ ታማ መሰለኝ፣ ከደጅ አልነበረችም።

እማማ ከሆስፒታል የሚወጡ ዕለት ክቡርነታቸው «ከኋላ ሆነህ ትደግፍልኛለህ» ብለው አስጠሩኝና በአውቶቡስ ሄጄ ሆስፒታሉ ደጅ አገኘኋቸው። የከተማውን ዳር እስክናልፍ ደህና ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ አንድ እጄን ከእማማ ጭንቅላት ጀርባ አድርጌ፣ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ክቡርነታቸው ነዳጁን ቀስ ብለው ረገጡት፤ ጨመሩ፤ አሁንም ጨመሩ። መነጽሬ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«ቆመናል እንዴ?» አሉ እማማ ከፋሻቸው ሥር።

«አይ እማዬ፣ እየሄድን ነው።»

«ታዲያ ያ የሚያጉረመርመው የት ሄደ?»

ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጎማውን ትንሽ አስነፋሁት» አሉ።

በመስታወቱ ተያየን። ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል፤ መሪውን የያዙት እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው። ልስቅ ነበር፤ ሳቄ የት እንደገባ እንጃ። እማማ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር የልጃቸው ትከሻ ቀድሞ ይሸማቀቃል፣ መንገዱን በገላቸው ሊቀበሉላቸው ያሰቡ ይመስል።

ፋሻው ሲፈታ እማማ አዩ። መጀመሪያ ያዩትም ልጃቸውን ነው። «አንተ ልጅ፣ ኮሌታህ ተጣሟል» አሉ። ክቡርነታቸው ኮሌታቸውን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔም ለጨዋነት ጣሪያውን አየሁ።

እንዲህ ላለ ውሸታም ዕድሜ ልኬን ሻይ ብጋብዝ አይቆጨኝም። የመንደራችን ውሸታም ሁሉ እንዲህ በሆነ!

ትናንት ካፌው ሞልቶ ሳለ አስተናጋጃችን አላስችላት አለና ፊታቸው ቆመች። «ጋሼ፣ ጋራዥ ሄደው ተሳስቻለሁ ብለዋል የሚባለው እውነት ነው? መኪናዋንስ ከፍ አስደርገዋታል?»

መኪናዋ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ቆማለች። በዚያችው ቅጽበት ከሥሯ ተኝቶ የነበረ አንድ ትልቅ ውሻ ብድግ አለ፤ እዚያው ሥሯ እንዳለ በአራት እግሩ ቆሞ፣ ጀርባውን ምንም ሳይነካው፣ በደንብ ተንጠራራና ጅራቱን እየቆላ ወጣ። የካፌው ሰው ሁሉ ከውሻው ወደ ክቡርነታቸው ዞረ።

እሳቸው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ጋራዥ የሚባል አልሄድኩም» አሉ። «ተሳስቻለሁ ያልኩት ሰው የለም። መኪናዬም አንዲት ጣት ከፍ አላለችም። ውሻው ነው አጭር።»