ውሃው ከየት መጣ?

እኛ ሰዎች ከሰዋስው ጋር ያለን ዝምድና ይገርመኛል። ብርጭቆ ከራሳችን እጅ ሲያመልጥ «ተሰበረ» እንላለን፤ ከሌላ ሰው እጅ ሲያመልጥ ግን «ሰበረው» ነው። ወጡ እኛ ቆመንበት ሲያርር «አረረ»፣ ምራት ቆማበት ሲያርር «አሳረረችው»። እናንተም ቤት እንደዚሁ ነው፤ አትሸፋፍኑ። ይህን የምላችሁ ደግሞ እኔ ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

አሶሳ የምኖር አናጢ ነኝ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው በስም ሳይሆን በቁጥር በሚጠራ መንደር ሰፈሩ፤ እኔ ከዚያ ወጥቼ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ስሠራ ጸጉሬ ሸበተ። ጎረቤቴ ሼህ ኢብራሂም የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው፣ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ሙሳ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ይሠራል። ሊያገባ ሲል አባቱ ግቢ ውስጥ ቤት ሠራና ግድቡ ጋ አንድ ቢሮ ውስጥ አይቶ የወደደውን ፓርኬ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ከላይ ስስ የሚያብረቀርቅ እንጨት፣ ከሥሩ ድርብርብ ኮምፔንሳቶ ነው። ገጣሚው አብሮ መጥቶ በሁለት ቀን ገጥሞት ተመለሰ። እኔን ያማከረኝ የለም። ሃያ ሜትር ርቀት ላይ አናጢ እያለ! ቅር አለኝ፤ ዋጥኩት።

ሙሽራዋ ሰዓዳ ከባምባሲ መጣች። ከሠርጉ በኋላ ሙሳ ወደ ሥራው ሄደ፣ ክረምቱም ገባ። የአሶሳ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ባልና ሚስት እንኳ በጥቅሻ ነው የሚግባቡት። በሐምሌ አንድ ቀን ሼህ ኢብራሂም ጠሩኝና የሙሽራዋ ቤት በር ላይ ቆሜ ወለሉን አየሁ። የእያንዳንዱ ጣውላ ጠርዝ ብድግ፣ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ገበቴ መስሏል።

«ይመር፣ ምንድነው ይሄ?»

«ውሃ ነው» አልኩ። ጫማዬ ጭቃ ስለነበር አልገባሁም።

«ወላሂ ብዬ ነበር! ይሄ ልጅ ውሃ ያፈሳል። ጠዋት ያጥባል፣ ማታ ያጥባል!»

የሼሁ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ቁጣቸው ግን ለይቶ ሰዓዳ ላይ አረፈ። ልጅቱ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለት አጎቶቿ ሊጠይቋት ከባምባሲ መጡ፤ እኔም ሙሽራዋ ቤት ለምሳ ተጠራሁ። ገና እጃችንን ታጥበን ከመቀመጣችን «ጧ!» የሚል ድምፅ ቤቱን አናወጠው። በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ መተኛት፣ ከዚያ መጠየቅ ለምደናል። ሁላችንም ተኛን። ትልቁ አጎት ጥምጥማቸው ተፈትቶ፣ ሼሁ ሸሃዳ እያሉ፣ እኔ ደግሞ ምን እያልኩ እንደነበር አላህ ይወቀው። ቀና ስንል ጥይት የለም፤ ወለሉ ከመሐል ተነቅሎ እንደ ድንኳን ቆሟል። ትሪው ተገልብጦ ሩዙ ግድግዳ ላይ ነው።

ድንጋጤው ሲለቀን ንዴት ተተካ። ሼሁ በአጎቶቿ ፊት «ልጃችሁን ውሰዱ፤ ቤት ያፈርሳል» አሉ። ሰዓዳ ሻንጣዋን አውጥታ በሩ ሥር አቆመች።

«ይመር፣ ክፈት። በዓይናቸው ይዩ» አሉኝ።

ከግድግዳው ሥር ዙሪያውን የተመታውን ቀጭን ጣውላ፣ ዞኮሎውን፣ ነቀልኩ። ጣውላው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፤ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት የለም። እንጨት ሲያብጥ መፈናፈኛ ካጣ ወደ ላይ ይነሣል፤ «ጧ» ያለው እሱ ነው። ግን ምን አሳበጠው? አንዱን ጣውላ ገልብጬ ሳየው ክው አልኩ። ላዩ ደረቅ ነው። ሥሩ ጠቁሯል፣ ሻግቷል፣ ሲጫኑት ውሃ ይተፋል። ውሃ ከላይ ቢፈስበት መጀመሪያ የሚበላሸው ላዩ ነበር። ከፓርኬው ሥር ባለው የሲሚንቶ ሊሾ ላይ ቁራጭ ላስቲክ ዘርግቼ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግሁና እስከ ነገ እንዳትነኩት አልኳቸው። አጎቶቿም እዚያው አደሩ። በማግስቱ የላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላብ እንዳጠመቀው ግንባር ነበር። ውሃውን የምትልከው መሬቷ ናት!

ለገጣሚው ደውዬ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግሁ። እርጥበት እንዲከላከል ከፓርኬው ሥር የሚነጠፍ ላስቲክ አልነበረውም ወይ ስለው «እንዴት አይኖረውም?» አለ። «ወፍራም ሰማያዊ ላስቲክ ጥቅል ሙሉ አምጥቼ ነበር። ጠዋት ስመጣ የለም። ስጠይቅ፣ አባትየው ማሸጊያ መስሏቸው ለጎረቤት ሰጥተዋል። ሠርጉ ደርሷል፣ ዝም ብለህ ግጠም አሉኝ፤ ገጠምኩ።»

«የትኛው ጎረቤት?» አሉ ትልቁ አጎት።

የሼሁ ዓይን ቀስ ብሎ በአጥሩ ላይ አልፎ ወደ እኔ ግቢ ሄደ። የእኔም ሄደ። ሰማያዊው ላስቲክ የዋንዛ ጣውላዎቼን አቅፎ ተኝቷል። በሼሁ በር ላይ ወድቆ አግኝቼው «ይህን ማሸጊያ ልውሰደው?» ስላቸው፣ በሠርግ ጥድፊያ መሐል «ውሰድ» ብለውኝ ነበር። ያን ክረምት እንደ እኔ ጣውላ የደረቀ ነገር በከተማው አልነበረም።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። አጎቶቿ አጥሩን አላዩም። ግን ሻንጣው በሩ ሥር ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ውሃ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ከየት እንደመጣ ግን አላየሁም።»

ሼህ ኢብራሂም «ሰጪው እኔ ነኝ» አሉና ወደ ሰዓዳ ዞሩ። «ልጄ፣ አፉ በለኝ።»

«አባቴ፣ ሙሳ ነግሮኝ ጨርቁን ጨምቄ ነበር የምወለውለው» አለች ሰዓዳ። «ያዘንኩት በወለሉ አይደለም። ይህን ሁሉ ቀን ‹ሰዓዳ፣ ውሃ አፍስሰሻል ወይ?› ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እርስዎም ጋሽ ይመር፣ በር ላይ ቆመው ነው የሄዱት።»

መሬቷ ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሻንጣዋን አንሥታ ከአጎቶቿ ጋር ሄደች። እኔና ሼሁ ባምባሲ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። በሦስተኛው ሙሳም አብሮን ነበርና ተመለሰች፤ ከመፍረድ በፊት መጠየቅ የሚል አንድ ቃል አስገብታን። ፓርኬው ተነሥቶ ወለሉ ሊሾ ብቻ ሆነ።

ሼህ ኢብራሂም ቃላቸውን አከበሩ። እንዲያውም አበዙት። ወጡ ጨው አለው ወይ፣ በጉ ውሃ ጠጣ ወይ፣ ዛሬ ይዘንባል ወይ፣ ሁሉን ሰዓዳን ይጠይቃሉ። ባለፈው ሳምንት አጥሩ ጋ አገኘኋትና «እንዴት ነው፣ ተስማማሽ?» ብላት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሽ ይመር፣ ደህና ነኝ፤ ጥያቄው ብቻ ሰለቸኝ» አለችኝ።

ከቤት ውስጥ የሼሁ ድምፅ መጣ።

«ሰዓዳ! ሰለቸህ ወይ?»