ተኚ አልኩሽ!

በአገራችን በሰላም የሚታመም ሰው የለም። ጉንፋንም ይሁን ቁርጠት፣ ገና ብርድ ልብሱን ሳብ ስታደርጉ አንዲት ሴትዮ ደጃፋችሁ ላይ ትደርሳለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ እናንተን ከነሕመማችሁ ትረከባለች። ሰፈር ሁሉ እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አትጠፋውም። ዲላ ውስጥ እነ መምህርት ሙሉእመቤት ሰፈር ያሉት ግን ለሦስት ሰፈር ይበቃሉ። ክብርት እትዬ የሺሃረግ፣ ቅቤ ነጋዴ፣ የሕሙማን ጠቅላይ አዛዥ!

ክብርትነታቸው ለበሽታ ሁሉ ሁለት መድኃኒት አላቸው፤ መተኛትና ለጋ ቅቤ። ራስ ሲታመም አናት ላይ፣ እግር ሲታመም እግር ላይ፣ የታመመው ቦታ ካልታወቀ ደግሞ ሁሉም ቦታ ላይ። ባጃጅ ነጂው ገመቹ አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞት እጃቸው ላይ ወደቀ። "ተኛ አልኩህ! እኔ እያለሁ ማንም አይሞትም!" እያሉ ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ላይ አዋሉት። ድኖም አለቀቁትም። በመጨረሻ እሳቸው ገበያ ሲወጡ ጠብቆ በጓሮ በር ሾለከ። የዚያን ቀን ተሳፋሪው ሁሉ የቅቤውን ሽታ እያሸተተ "ሠርግ ቤት ነው እንዴ ያደርከው?" ይለው ነበር።

ሙሉእመቤት የማኅፀን ካንሰር ተገኝቶባት፣ ሐዋሳ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስትመለስ የመኪናውን በር የከፈቱት እትዬ ናቸው። ደግፈው አስገቧት፣ አስተኟት፣ በሁለት ብርድ ልብስ ጠቀለሏት። "ከእንግዲህ እግርሽ መሬት አይነካም!" ብለውም አወጁ።

ችግሩ፣ ሐኪሞቹ የነገሯት የዚህን ተቃራኒ ነበር። ካንሰር ያለበት ሰው ደሙ ቶሎ ይረጋል፤ ቀዶ ሕክምና ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ ተነሺ፣ ተራመጂ፣ ውሃ ጠጪ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መርፌም በየቀኑ ሆድሽ ላይ ተወጊ ብለው ነበር የላኳት። መርፌውን የምትወጋት ጎረቤቷ ሲስተር ሉሲ ደግሞ በጣቷ እያስጠነቀቀች ጨመረችላት፦ "ቲቸር፣ አንደኛው እግርሽ ብቻ ካበጠ ወይ ከከበደሽ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ደግሞ እንዳይታሽ! የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባሽ ከገባ ይገድልሻል።"

ሙሉእመቤት ይህን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች። ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ግልምጫ ጸጥ የምታሰኝ ሴት ናት። ግን የእናቷ እኩያ የሆኑ፣ የገበያ መደባቸውን እየዘጉ የሚመጡላትን ሴትዮ ምን ብላ እምቢ ትበል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ እኮ!

ስለዚህ መራመድን በስርቆሽ ተያያዘችው። እትዬ ገበያ ሲወጡ ባሏ በፍቃዱ አጥሩ ጥግ ቆሞ ይጠብቅላታል፤ እሷ ከግቢው ዘይቱን ዛፍ እስከ ማድቤቱ ትመላለሳለች። "መጡ! መጡ!" ሲላት ቁስሏን በእጇ ደግፋ ሹልክ ብላ ትተኛለች። ባልና ሚስት እንደ ልጅ ሳቃቸውን አፍነው ይተያያሉ። ከታመመች ወዲህ የሳቁት በዚህ ብቻ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ገበያው ጨቀየና እትዬ ጠቅልለው ሙሉእመቤት ራስጌ ከተሙ። በፍቃዱም ለሥራ ይርጋጨፌ ወረደ። ጠያቂው በላይ በላዩ ነው፤ ማኅበርተኛው፣ የትምህርት ቤቱ ሰው፣ የበፍቃዱ ዘመዶች ከኮንጋ። እሷ ቀና ባለች ቁጥር ቤቱ በአንድ አፍ "ኧረ ተኚ!" ይላታል። ሲስተር ሉሲ ወደ ተረኝነቷ ስታልፍ መርፌውን ልትወጋ ብትመጣ እትዬ በሩን ሞልተው ቆሙ። "እሽሽ! ገና አሁን ሸለብ አደረጋት። ደሞ እንቅልፍን የመሰለ መድኃኒት እያለ በመርፌ ሰው ይቀሰቀሳል?" ብለው መለሷት።

በማግስቱ ሙሉእመቤት ግራ እግሯን ከብዷት ነቃች። ባቷን ዳሰሰችው፤ ይሞቃል፣ ተወጥሯል። የሲስተር ሉሲ ማስጠንቀቂያ ትዝ አላት። ጠያቂው ቤቱን ሞልቶ ስለነበር፣ ሲወጡ እናገራለሁ ብላ ዝም አለች። ጉድ እኮ ነው! ሰው ሞት ደጁ ቆሞ እንኳ እንግዳ ያከብራል። ዘመድ ሄዶ ዘመድ መጣ። እትዬ ግን ፊቷን አዩት።

"እግርሽን ነው አይደል? አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ!" አሉና ለጋውን ቅቤ ዛቅ አድርገው በመዳፋቸው አሟሙተው ብርድ ልብሱን ገለጡት።

"አይንኩኝ!"

እትዬ የሺሃረግን እንዲህ ያላቸው ሰው በሰፈሩ ታሪክ አልነበረም። ሙሉእመቤት እያለቀሰች ቀጠለች። "አይሹኝ እትዬ፣ በእግዚአብሔር! ደም ረግቶ ይሆናል። ከታሸ ሳንባዬ ገብቶ ይገድለኛል። ተራመጂ ተብዬ ነበር፣ እርስዎን አፍሬ ተኛሁ። እኔ መሞት አልፈልግም!"

እትዬ ቅቤው በጣቶቻቸው መሀል እየተንጠባጠበ ሁለቱን እግሮቿን አስተያዩ። ሰው ሲያሹ የኖሩ ናቸውና ግራው ወፍሮ ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። "እኔን! እኔን ይድፋኝ!" አሉ ቀስ ብለው። ወዲያው ደግሞ ያ የሚታወቀው ድምፅ ጣሪያውን አነሳው። "ምን ቁጭ ብላችሁ ታዩኛላችሁ? ገመቹን ጥሩት!"

ሆስፒታሉ ግቢ እስኪደርሱ "ቀስ! ጉድጓድ!" እያሉ ገመቹን አሳሩን አበሉት። በአልትራሳውንድ ሲታይ እንደተፈራው ደም ረግቶ ነበር፤ ሳንባዋ ግን አልደረሰም። በጊዜ መጥታችኋል አለ ሐኪሙ፣ መድኃኒቱንም ከፍ አደረገላት። እትዬ ይህን ሲሰሙ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው ያልታጠበ እጃቸውን እያዩ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ሐኪሙ መራመድ ትችላለች ካለ በኋላ ሰፈሩ አዲስ አገዛዝ መጣበት። "ተነሺ አልኩሽ!" በየጠዋቱ በሩ ይንኳኳል። ክብርትነታቸው ውሃ በጆግ ይዘው፣ ክንዷን ቆልፈው እስከ አስፋልቱ ያደርሷታል። ሲስተር ሉሲ ከዘገየች እቤቷ ድረስ ሄደው ያመጧታል። "ኧረ ትተኛ እንጂ" የሚል ጠያቂ ቢመጣ "ውጣ! ነፍሰ ገዳይ!" ብለው ያባርራሉ። ሙሉእመቤት አንዳንዴ የድሮው አገዛዝ ይሻል ነበር እያለች ለበፍቃዱ ታማቸዋለች።

አንድ ጠዋት ግን በሩ አልተንኳኳም። ሙሉእመቤት ጫማዋን አድርጋ ጠበቀች። ዛሬስ ተገላገልኩ አለች። ቀጥሎ ቅር አላት፣ ቀጥሎ ፈራች። ምርኩዟን ይዛ ብቻዋን ወደ እትዬ ቤት፣ አስፋልቱን ተሻግራ፣ ዳገቷን እያረፈች ወጣች። ከታመመች ወዲህ ያን ያህል ርቃ አታውቅም።

እትዬ የሺሃረግ ዓይናቸው ቀልቶ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ግድግዳ ተደግፈው ቤት ይጠርጋሉ።

"እትዬ! በዚህ ትኩሳት? ለምን አይተኙም?"

"ማን ተኚ ይበለኝ?" አሉ፤ እንደ ቀልድ ፈገግ ለማለትም ሞከሩ። ያን ሁሉ ሰፈር ሲያዝዙና ሲናዝዙ ውለው፣ ማታ የሚገቡት ሰው ወደሌለበት ቤት እንደሆነ ለካ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

ሙሉእመቤት መጥረጊያውን ከእጃቸው ነጠቀችው። "ይተኙ አልኩ! እኔ እያለሁ!"

እትዬ እንደታዘዙት ሄደው ተኙ። በብርድ ልብስ ጠቀለለቻቸው፣ ውሃ አጠጣቻቸው። ከዚያ እግርጌ ተቀምጣ ብርድ ልብሱን ገለጠችና ሁለቱን እግሮቻቸውን በጥንቃቄ አስተያየች። አንዱም አላበጠም። ከጣሳው ለጋ ቅቤ ዛቅ አድርጋ በመዳፏ አሟሙታ ማሸት ጀመረች።