«ጸበል ናቸው» ያለችው ጋዜጠኛ

እናታችሁ ከሞተች በኋላ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ልካላችሁ ታውቃለች? የእኔ እናት ትልክ ነበር። በካዛንቺስ ጎረቤቶቻችን በኩል፣ በስልክ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር መቼም ታውቃላችሁ። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በር አንኳኩቶ ነው። እኔ ስቶክሆልም ነበርኩ፤ ማን መጥቶ ያንኳኳ? ስለዚህ «ጸበል ሄደዋል» ተባልኩ። በአራት ቋንቋ የማነብ ሴትዮ፣ አመንኩ።

ይህን የሚያስለፈልፈኝ የሰላም ሥራ ነው። ሰላም የጎረቤታችን የእትዬ የሺ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመት ጋዜጠኛ ሆና «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ» ስትል ኖረች። ሰፈራችን ሲፈርስ ሦስት ገጽ ብትጽፍ አለቃዋ አራት መስመር አስቀረላት። በዚያው ጥላ ወጣችና በሥዕል የሚነገር ታሪክ ደራሲ ሆነች፤ እሷ ትጽፋለች፣ ባልደረባዋ ይሥላል። አዎ፣ ፊደል ላልለየ ሕፃን የሚገዛው ዓይነት መጽሐፍ! ስሰማ ሳቅኩ። ከበቅሎ ወርዳ አህያ ላይ ወጣች አልኩ።

ባለፈው ባምቢስ አካባቢ አንድ ካፌ ቀጠረችኝ። የድሮ አመሏ አልለቀቃትም፤ በሰው አፍ የምታደርገውን ቃል ሁሉ ለባለቤቱ ሳታሳይ አታሳትምም። «እትዬ፣ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ይዩት በቃ» አለችኝ።

ገለጥኩት። ቤታችን ቆሟል! የፈረሰው ቤት፣ አጥሩ ላይ ከተሰጣው ነጠላ ጋር። ቀጥሎ የእትዬ የሺ ሳሎን፤ ስልኩ ዳንቴል ለብሶ፣ ጎረቤቱ ከቦት። ዛሬ ማን እንደሚዋሸኝ ዕጣ ያወጣሉ። «በቀደም እኔ ተኮነንኩ፣ ዛሬ ደግሞ አንቺ ተኮነኚ!» ትላለች አንዷ። የሚቀጥለው ገጽ አንዲት ቃል የለበትም። ስልኩ ተዘግቷል። ሁሉም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ፤ ባሕር ማዶ ሆኜ የምሰማቸው ይመስል።

ስንት ድርሳን፣ ስንት ልብ ወለድ አገላብጫለሁ። በዚያኛው የስልኩ ጫፍ የሚያለቅስ ሰው እንዳለ ግን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። ያቺ ልጅ ቃል በሌለው ገጽ አሳየችኝ። ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ።

«ሥዕሉ ላይ ጠረጴዛው ሥር ያለችው ትንሿ ልጅ ማናት?» አልኳት።

«እኔ ነኛ። አንድ ቀን... ማለቴ፣ ልጅ ካለች ያምናሉ ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ‹ጸበል ናቸው፣ ድነዋል› ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

አስታወስኩ። ያን ቀን በደስታ ወጥቼ ለእናቴ ሹራብ ገዝቼላታለሁ።

የመጨረሻው ሥዕል ላይ እኔ አለሁ፣ ሽበቴ ሳይቀር። ከአፌ የሚወጣው «ሁላችሁንም ይቅር ብያችኋለሁ» ይላል። ቀና ብል ሰላም ዓይን ዓይኔን ታያለች። ያ ገጽ ለአንባቢ እንዳልተጻፈ ገባኝ።

«ይህን መቼ አልኩ?»

«አላሉም። ምናልባት ይሉ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ጋዜጠኛ አይደለሽም እንዴ? ያልተባለ ይጻፋል?»

አንገቷን ደፋች። እርሳሷን አወጣች። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዕድሜዬ እንዳላየሁ ነገርኳት። አንድ ገጽ እንዳትቀንሺ፣ ሹራቡንም ጨምሪበት አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የመጨረሻውስ፣ እትዬ? ምን ልበል?»

ነገርኳት። ሰረዘች፣ ጻፈች፣ እንደ ደንቧ መልሳ አነበበችልኝ። ትክክል ነው፣ አሳትሚው አልኳት፦ ማንንም ይቅር አልልም።