ጣውላ የማይሸኝ ሰው

ጉዳዩ የሦስት ሰዎች ነው፤ የልጄ የሰይድ፣ ከሐርቡ መጥቶ የሙሽራ አልጋ ያዘዘን የረጅሙ እንድሪስና የእኔ የአባትየው።

እንግዳን በክብር ተቀብሎ፣ ሲሄድ ግን ከመቀመጫው የማይነሣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን ወልጃለሁ።

ደሴ ሰኞ ገበያ ከሱቃቸው በር ላይ ቆሜ እያየሁ የአናጢነት ሙያዬን ያስተማሩኝ ጋሽ ይመር፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ «ጣውላ እንግዳ ነው» ይሉ ነበር። ከመላጊያ ማሽኑ ሲወጣ ጫፉን ደግፈው እስከ መጨረሻው ይሸኙታል። ያ እጃቸው ዛሬም ይናፍቀኛል። ሳይደገፍ የተንጠለጠለ ጣውላ መጨረሻውን ስለቱ ይጎረጉደዋላ!

ሰይድ ኮምቦልቻ ሱቃችን ውስጥ የአልጋውን ጎኖች ሲልግ ስልኩ ጮኸ። ወሬው ጣመውና ሁለቱንም ጣውላ ሳይሸኝ ለቀቃቸው፤ የሁለቱም ጫፍ ተጎረጎደ።

«አባዬ፣ ትንሽ ናት፤ በብርጭቆ ወረቀት ትጠፋለች።»

«የተጎረጎደ አይጠፋም፤ ይቆረጣል!»

የእንድሪስ ሰርግ ለጁምዓ ነው፤ ሌላ ደረቅ ዋንዛ የለንም። ሁለቱንም ጎን ቆርጠን አልጋውን አሳጠርነው።

እንድሪስ መጥቶ አልጋው ላይ ተጋደመ። «ሰይዶ፣ ይሄ ለእኔ ነው ወይስ ለሚወለደው ልጅ?» አለ። ቢሆንም ጭኖ ወሰደው።

የአንድ ስልክ ወሬ ሁላችንንም ያስከፈለን ሲደመር አንድ ስንዝር ነው፤ እሱም የእንድሪስ እግር ሆኖ እስከ ዛሬ ከአልጋው ውጭ ያድራል።